ሰው በመያዣነት የተያዘበት ብድር

«ባንክ ሥራው ማበደር ነው፤ ተበዳሪው በገንዘቡ የሚያደርገውን ምን አግብቶት?» የሚል ክርክር አለ። ስለ አሜሪካ ባርነትና ስለ ባንኮች ሲወራ ሁሌ ብቅ ይላል። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ያን ጊዜ ለብድሩ መያዣ የሚሆነው ራሱ ሰው ነበራ!

እኛ አገር ብድር የጠየቀ ቤቱን ወይም መኪናውን ያስይዛል። በደቡብ አሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት (ከዩናይትድ ስቴትስ ግዛቶች አንዷ) የነበረ ባለርስት ደግሞ መሬቱንና በባርነት የያዛቸውን ሰዎች ያስይዝ ነበር። ስማቸውና ዕድሜያቸው በውል ይመዘገባል። አንዳንዱ ውል ገና ያልተወለዱ ልጆቻቸውንም ይጨምር ነበር። ስኳር ደግሞ ገንዘብ ይበላል። አገዳው ውርጭ ሳይመታው ተቆርጦ፣ ሌት ተቀን ተጨምቆና ፈልቶ ማለቅ ስላለበት ወፍጮም ማፍያም በየእርሻው መተከል ነበረበት፣ ይህ ሁሉ የሚገዛው ደግሞ በብድር ነው።

በ1827 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሉዊዚያና ባለርስቶች ተሰባስበው የራሳቸውን ባንክ አቋቋሙ። ገንዘቡ ከየት መጣ? መሬትና ሰው አስያዙ፣ ባንኩ ቦንድ (ወለድ የሚከፈልበት የብድር ሰነድ) አወጣ፣ የግዛታቸው መንግሥት ዋስ ሆነ፣ ቦንዱን ደግሞ ቤሪንግ ብራዘርስ የሚባለው የለንደን ባንክ ሸጠላቸው። ቤሪንጎች ተራ ቤተሰብ አይደሉም። አሜሪካ በ1803 ሉዊዚያናን ከናፖሊዮን ስትገዛ ክፍያውን ካመቻቹት መካከል ነበሩ። እንግሊዝ በ1833 በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሚሽር ሕግ ስታወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች፤ ካሳው ለባለቤቶቹ ነው፣ ለነጻ ወጪዎቹ ሰባራ ሳንቲም የለም። ያም ሆኖ በአገሩ ሕግ ባርነት ክልክል የሆነበት እንግሊዛዊ፣ ለንደን ቁጭ ብሎ የሉዊዚያናን ወለድ ከመቀበል የሚያግደው ነገር አልነበረም።

በጥጡ ንግድ ደግሞ ብራውን የሚባሉ ቤተሰብ አሉ። አባትየው አሌክሳንደር ብራውን በ1800 ከአየርላንድ ባልቲሞር ገብቶ የተልባ እግር ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ልጆቹን በእንግሊዟ ወደብ ሊቨርፑል፣ በፊላደልፊያና በኒውዮርክ በተናቸው። ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ የሚሆንበት ሰነድ) ለመክፈት ባንክ ደጅ የጠና የአዲስ አበባ አስመጪ አሠራራቸውን ወዲያው ይረዳዋል። ኒው ኦርሊንስ ላይ ጥጥ ለሚጭን ሰው ገንዘብ በቅድሚያ ይሰጡታል። እሱ የሊቨርፑሉ የንግድ ቤታቸው የሚከፍለው ሰነድ ይጽፋል፣ ጥጡ ገና ባሕር ላይ እያለ ሰነዱ ተሸጦ ገንዘብ ይሆናል፣ እነሱም ኮሚሽናቸውን ይቆርጣሉ። የብራውን ቤት ሰው ጥጥ ለቃሚ በዓይኑ ሳያይ ሊከብር ይችላል።

እስከ 1837 ድረስ ማለቴ ነው። የገንዘብ ቀውስ መጣ፣ የጥጥ ዋጋ ወደቀ፣ ተበዳሪው መክፈል አቃተው። ባንክ ያኔ ምን ያደርጋል? መያዣውን ይወስዳል። ብራውኖችም በደቡብ እርሻዎችን ከነሰዎቹ ተረከቡ። «እኛ ያበደርነው ብቻ ነው» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። የሊቨርፑሉ ልጅ ዊልያም ግን በኋላ የፓርላማ አባል ሆነ፣ ለከተማው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አሠራ፣ ባሮኔት የሚባለውን የእንግሊዝ ማዕረግ አገኘ። ቤተ መጻሕፍቱ ያለበት መንገድ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ኒውዮርክስ? ነጋዴው ሞሰስ ቴይለር በኩባ ስኳር ከበረና በ1856 የሲቲ ባንክ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ የዛሬው ሲቲባንክ መሆኑ ነው። ኩባ ደግሞ ባርነትን የሻረችው ገና ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1886 ነው።

ብዙዎቹ ባንኮች ይህን አያወሩም። ትልቁ የአሜሪካ ባንክ ጄፒ ሞርጋን ቼዝ የተናገረው እንኳ የቺካጎ ከተማ «ከእኔ ጋር የምትሠሩ ድርጅቶች ከባርነት ጋር የነበራችሁን ግንኙነት አሳውቁ» የሚል ደንብ ስላወጣ ነው። በ2005 እንዳመነው፣ ሁለት የሉዊዚያና ባንኮች (በኋላ ወደ እሱ የተጠቃለሉ) 13,000 ያህል ሰዎችን በመያዣነት ተቀብለው ነበር፣ 1,250 ያህሉ ደግሞ ዕዳው ሳይከፈል ቀርቶ የባንኮቹ ንብረት ሆነዋል። ይቅርታ ጠየቀ፤ ለሉዊዚያና ጥቁር ተማሪዎችም የ5 ሚሊዮን ዶላር የትምህርት ዕድል መደበ። ካልኩሌተር አወጣሁና ገንዘቡን ለ13,000ዎቹ አካፈልኩት። ለአንድ ሰው 385 ዶላር ገደማ ይደርሳል። በ1860 ኒው ኦርሊንስ ገበያ ላይ አንድ ጠንካራ ወጣት ከ1,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፣ ያውም በዚያን ጊዜ ዶላር።