ልጆች ይዛችሁ ሐዋሳ ሪዞርት ለምትሄዱ

ልጆች ይዞ ሐዋሳ ስለመዝናናት የወጣ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ ሐይቅ ዳር ስላሉት ሪዞርቶች ጥሩ መረጃ ሰጥቷል፤ ዋጋው ላይ ግን የአዳሩን ብቻ ነው የጻፈው። 10,000 ብር ከተባለ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር 11,000፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 12,650 ይሆናል። ስትደውሉ «ሁሉንም ያካተተ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የተጨማሪ አልጋውንም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ «ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ ይዋኙ» የሚለው የጽሑፉ ምክር ነው። እባካችሁ አይሆንም! ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ትል አለ፤ ትሉ በቆዳ ዘልቆ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። ክሎሪን የገባበት ገንዳ ይሻላል። ጀልባ ከሆነ በጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ። የልጁን ላይፍ ጃኬት ካሰራችሁ በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ እስከ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል፣ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፤ አስቀይሩት። ጉማሬ ሲታይም ባለጀልባውን «ጠጋ በልልን» አትበሉት።