ቆጠራውን ለማን ትታችሁ ነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምላችሁ ደስ አይላችሁም። ቢሆንም ስሙኝ።

ምርጫ በተነሳ ቁጥር ደሴ ላይ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። ፒያሳ ቡና ይዛችሁ ብትቀመጡም፣ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ብትገቡም ያው ነው። አንዱ «ተወው ባክህ፣ ያለቀ ነገር ነው፤ የፈለጉትን ነው የሚያደርጉት» ይላል። ሌላው፣ በተለይ ስልኩን ከእጁ የማይለየው ወጣት፣ «የድምፅ መስጫ ማሽን ይምጣና እንገላገል! ማሽን ዘመድ የለውም፣ ጉቦ አይበላም» ይላል። ሲከራከሩ የሚጣሉ ይመስላሉ። ግን አልተጣሉም። ሁለቱም «እኔን አታስቸግሩኝ» ነው የሚሉት። የመጀመሪያው ሥራውን ለሌባ ትቶታል፣ ሁለተኛው ለዕቃ።

እኔን የሚያናድደኝ እኛ እንዲህ ዓይነት ሰዎች አለመሆናችን ነው። የወሎ ሰው በቅሬው፣ ማለትም በዕድሩ፣ ንብረት ቀልድ አያውቅም። መዋጮ ሲሰበሰብ ብሩ በሰው ፊት ይቆጠራል። ገንዘብ ያዡ የተከበሩ ሐጂም ይሁኑ ቄስ፣ መዝገቡ ይነበባል። ስንት ድስት ወጣ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንት ስኒ ተሰበረ ይጠየቃል። አንድ ድስት ከጎደለ ስብሰባው አይበተንም። «አምንዎታለሁ፣ ግን ይቆጠር» ይባላል፤ ማንም አይቀየምም። ለድስት እንዲህ የሚሟገት ሕዝብ አምስት ዓመት የሚያስተዳድረውን ሰው ሲመርጥ ምን ያደርጋል? ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ጣል አድርጎ፣ ቀለም የነካ ጣቱን ፎቶ አንስቶ ቤቱ ይገባል። ቆጠራው ምሽት ላይ ያለ እሱ ይካሄዳል።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ በተሰጠ ሰሞን በአንድ ምርጫ ጣቢያ በር ሳልፍ ውጤቱ ተለጥፎ አየሁ። ዝናቡ አንዱን ጥግ አርሶታል። የፓርቲዎቹ ስም በአንድ በኩል፣ ያገኙት ድምፅ በሌላ በኩል፣ ከታች ፊርማዎች። ቆሜ አነበብኩ። ባጃጁ፣ ተማሪው፣ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ በአጠገቤ ያልፋል። በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ ጠጋ አለና «የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ነው?» አለኝ። አይደለም ስለው መንገዱን ቀጠለ።

ያ ወረቀት እኮ ትልቅ ነገር ነው! ቁጥሩ ገና ሰው በዓይኑ ሊያየው በሚችለው መጠን ላይ ያለው እዚያ ነው። ከጣቢያው ወደ ምርጫ ክልል፣ ከዚያም ወደ ምርጫ ቦርዱ ሲወጣ ይደመራል፣ ይገዝፋል። መንገድ ላይ ቢለወጥ መለወጡን የሚመሰክረው ያ ዝናብ የመታው ወረቀት ነው። አንድ የስልክ ፎቶ ይበቃው ነበር። ስልካችን ለሠርግና ለክትፎ ፎቶ ቦታ ሞልቶታል፣ ለእሱ ግን ጠበበ። ከዚያ በኋላ «ተሰረቅን» ብንል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አሁን ወደ ማሽን ናፋቂዎቹ ልምጣ።

ሆላንዶች ይህን ከእኛ ቀድመው አይተውታል። ለዓመታት በማሽን ድምፅ ሲሰጡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጥቂት ኮምፒውተር አዋቂዎች «የድምፅ መስጫ ኮምፒውተሮችን አናምንም» የሚል ንቅናቄ ጀመሩ። ማሽኑን በእጃቸው አስገብተው ፈቱት። ቺፑን በ5 ደቂቃ ውስጥ ቀይረው ድምፁን እነሱ እንደፈለጉ እንዲቆጥር አደረጉት፤ ይህንንም ለሕዝቡ በቴሌቪዥን አሳዩ። ለማሾፍም ቼዝ አጫወቱት። ብዙም ሳይቆይ አገሪቱ ወደ ወረቀትና እርሳስ ተመለሰች። አየርላንድም የዚያኑ ኩባንያ ማሽኖች ገዝታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 በጥቂት ቦታዎች ሞከረቻቸው፣ ሕዝቡ አላመናቸውም፣ መጋዘን ገቡ። ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የወጣበት ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2012 በ70 ሺህ ዩሮ ገደማ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠ።

የጀርመኑ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 የፓርላማ ምርጫ ሁለት ሚሊዮን የሚሆን ሰው በማሽን ድምፅ ሰጠ። ድምፅ መሰረቁን ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። አንድ አባትና ልጅ ግን «እኛ ይህን ቆጠራ እንዴት እናጣራለን?» ብለው ተነሱ። ፓርቲ አልነበሩም፣ ባለሥልጣን አልነበሩም። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ደረሰ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 2009 ፍርድ ቤቱ በእነዚያ ማሽኖች መጠቀሙ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ተሰርቋል አላለም። የምርጫውንም ውጤት አልሰረዘም። ያለው አንድ ነገር ነው፦ ማንኛውም ዜጋ፣ ልዩ የቴክኒክ እውቀት ሳያስፈልገው፣ የምርጫውን ዋና ዋና ደረጃዎች ራሱ ማጣራት መቻል አለበት።

ይህን ፍርድ ደሴ አምጡትና ሰኞ ገበያ ላይ አንብቡት። በርበሬ የምትሸጠው እናት ቆጠራውን በዓይኗ ተከታትላ «ልክ ነው» ማለት ካልቻለች ምርጫው ጎደሎ ነው ማለቱ ነው። እሷ መሐንዲስ እንድትሆን አይጠበቅም። መሐንዲሱም «እኔ አይቼዋለሁ፣ እመኑኝ» ብሎ አይተካትም። ማሽን ጉቦ አይበላም ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ማሽኑን የሚያዘው ሰው ግን ይበላል። ወረቀት ሲቆጠር አንዱ ቢያጭበረብር ሌላው ያየዋል። ሶፍትዌር ሲያጭበረብር ግን ክፍሉ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ማንም ላያይ ይችላል።

«አፍሪካስ?» ካላችሁ፣ ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ2014 በአህጉሩ የመጀመሪያዋ ሆና ማሽን ተጠቀመች። እ.ኤ.አ. በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የወረቀት ማስረጃ የማይተው ማሽን ሕገ መንግሥታዊ አይደለም አለ። ከዚያ ወዲህ ወደ ወረቀት ተመለሱ፤ የእ.ኤ.አ. 2024ቱም ብሔራዊ ምርጫ በወረቀት ነበር። ህንድን የምትጠቅሱልኝም ጨርሳችሁ ጥቀሱ። የህንድ ማሽን ኢንተርኔት የሚባል አያውቅም። ደግሞ መራጩ ቁልፉን ሲጫን ትንሽ ወረቀት ታትማ በመስታወት ውስጥ ለ7 ሰከንድ ትታየዋለች፣ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ትወድቃለች። ማሽኑን አስገብተው ሲያበቁ ወረቀቱን መልሰው አጠገቡ አቆሙት ማለት ነው።

ኬንያ ደግሞ ከደጃችን ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 የፕሬዚዳንቱ ምርጫ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሰረዘ። ፍርድ ቤቱ ሰርቨሩ ይፈተሽ ብሎ ሲያዝ የምርጫ አካሉ በአግባቡ አልከፈተም፤ ይህም ከጥፋቶቹ አንዱ ሆኖ ተቆጠረበት። እ.ኤ.አ. በ2022 ተማሩ። ከ46 ሺህ በላይ ከሆኑት ጣቢያዎች የተፈረመው የውጤት ቅጽ ፎቶው ለሁሉም ክፍት በሆነ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ጋዜጦቹም ወጣቶቹም ቁጭ ብለው ራሳቸው ደመሩ። ጭቅጭቁ አልቀረም። ከሰባቱ የምርጫ ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤቱን አንቀበልም ብለው ወጥተዋል። ክርክሩ ግን የሚያያዝ ነገር ነበረው። ሰው «ተሰረቀ» ሲል «የቱ ጣቢያ? ቅጹን አሳየኝ» ይባል ነበር። ቴክኖሎጂ ከፈለጋችሁ እንዲህ ዓይነቱን ፈልጉ። የሚቆጥርልንን ሳይሆን ቆጠራውን የሚያሳየንን።

የራሳችንን ሁኔታም አትርሱ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያለ መብራትና ያለ ስልክ የሰነበቱበት ጊዜ አለ። ከዚያም በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ባንክ ሄደን የራሳችንን ብር ስንጠይቅ «ሲስተም የለም» ተብለን ተመልሰናል። «ሲስተም የለም» የሚባልበት ምርጫ አማራችሁ? ደቡብ ወሎ ተንታ ወረዳ ያሉ ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ስክሪን ፊት ቢቆሙ ማን ሊነካላቸው ነው? የሚነካላቸው ሰው የድምፃቸውን ምስጢር አወቀ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ምልክቱን አይተው ጣታቸውን ያሳርፋሉ።

ምዝገባው ዲጂታል ይሁን ከተባለ አልጣላም። አንድን ሰው ሁለት ቦታ እንዳይመዘገብ ለመያዝ ይረዳል። ዝርዝሩ ግን ታትሞ ለሰው ይታይ።

ወረቀትንም ጻድቅ አላደርገውም። በ2002 ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። በ2007 ተቃዋሚ የሚባል አንድም ሰው ፓርላማ አልገባም። ያ ሁሉ በወረቀት ነበር። ወረቀት የሚጠብቀው ካላገኘ ከማሽን አይሻልም። ልዩነቱ ወረቀትን እኔና እናንተ ልንጠብቀው መቻላችን ነው።

እኛ ግን አልጠበቅነውም። የመራጮች ስም ዝርዝር ለሕዝብ ዕይታ ሲለጠፍ ከመካከላችሁ ሄዶ ያነበበ ማነው? የሞተ ጎረቤት ስም አለ ወይ፣ ከሰፈሩ ከለቀቀ ዓመታት ያለፈው ሰው አለ ወይ ብሎ የጠየቀስ? በየሰፈራችሁ ማን ሞተ፣ ማን ዓረብ አገር ሄደ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ ቦርድም ኮምፒውተርም የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው በዚያን ሰሞን ነው። ሚስቱን «እኔ የመረጥኩትን ምረጪ» የሚል ባልም አውቃለሁ። ካርዷ የእሷ ነው ወንድሜ፣ አርፈህ ተቀመጥ። ሽማግሌዎችም ብትሆኑ በአበጋርነታችሁ፣ በአስታራቂነታችሁ፣ ደም አድርቃችኋል፣ እናከብራችኋለን። ለሰፈሩ ሁሉ ምርጫውን መርጣችሁ ማደል ግን የእናንተ ድርሻ አይደለም።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ሳጥኑ ሳይከፈት ቲክቶክ ላይ «አሸንፈናል» እያላችሁ በሬ ወለደ አትንዙ። በ97 ከምርጫው ማግስት የወረደውን መከራ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። የአጣሪ ኮሚሽኑ ሰዎች የሞቱትን ሰላማዊ ሰዎች 193 ብለው ቆጥረዋል። ባልተጣራ ቁጥር መጨፈርም ባልተጣራ ቁጥር መቆጣትም ዋጋ ያስከፍላል። ቁጥር ይዛችሁ ተቆጡ። የጣቢያውን ስም፣ የቅጹን ፎቶ ይዛችሁ።

ከሁሉ በላይ የምቆጣው ግን በእናንተ ነው፣ የፓርቲ ወኪልና ታዛቢ ሆናችሁ ለምትቀመጡት። ጠዋት 12 ሰዓት ባዶው ሳጥን ለሁሉም ሲታይና ሲታሸግ ቡና እየጠጣችሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ናችሁ። ማታ ቆጠራው ሲጀመር ዓይናችሁ እንቅልፍ ተጭኖታል፤ የቀረባችሁን ፈርማችሁ አበል ትጠይቃላችሁ። የትኛውም ፓርቲ ይላካችሁ፣ ግድ የለኝም። ሳጥኑ ሲታሸግ ድረሱ። ያልተሠራባቸው ወረቀቶች ስንት ናቸው ብላችሁ ጠይቁ፤ ጣቢያው ከተረከበው ላይ ቀንሱና ሳጥኑ ውስጥ ከተገኘው ጋር አስተያዩት። የተበላሸ ነው የተባለውን ወረቀት ለምን እንደተበላሸ ያሳዩዋችሁ፣ በዓይናችሁ እዩት። ቅሬታ ካላችሁ እዚያው በጽሑፍ አስመዝግቡ፣ ነገ አይባልም። ቁጥሩን ሳታነቡም ቅጹ ላይ አትፈርሙ።