ማስተካከያ፦ «ጋንዲ» ያሸነፈው 8 ኦስካር እንጂ 11 አይደለም

ስለ ሪቻርድ አተንቦሮ ፊልም «ጋንዲ» (1982 እ.ኤ.አ.) በስፋት የተሰራጨ መልእክት «11 ኦስካር ወሰደ፤ በሙዚቃው ራቪ ሻንካር የመጀመሪያው ህንዳዊ ተሸላሚ ሆነ» ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው።

ኦስካርን በሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የሽልማት መዝገብ መሠረት 11 የዕጩነቱ ቁጥር ነው። በ1983ቱ ሥነ ሥርዓት ያሸነፈው በ8 ዘርፍ ሲሆን፣ እነሱም ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ መሪ ተዋናይ (ቤን ኪንግስሌይ)፣ ድርሰት፣ ሲኒማቶግራፊ፣ የመድረክ ቅብና ግንባታ፣ አልባሳት እና ኤዲቲንግ ናቸው። በሙዚቃ፣ በድምፅና በሜካፕ ተሸንፏል። ራቪ ሻንካር ከጆርጅ ፌንተን ጋር ለሙዚቃ ሽልማት ዕጩ ነበር፤ ሽልማቱን ግን «ኢ.ቲ.» የተሰኘው ፊልም ወሰደው። የመጀመሪያዋ ህንዳዊት ተሸላሚ የአልባሳት ዲዛይነሯ ባኑ አታያ ናት፤ ሽልማቷንም ከጆን ሞሎ ጋር ተጋርታለች። የእሷ ስም እንዲህ መዘለሉ ከቁጥሩ ስህተት ይብሳል።

ከመልእክቱ ጋር የተያያዘው የጋንዲ የቀብር ሥነ ሥርዓት ቪዲዮም የ1948 የዜና ፊልም አይደለም። ከፊልሙ የተቆረጠ ነው። ትዕይንቱ የተቀረጸው ዴልሂ ውስጥ ጥር 31 ቀን 1981 እ.ኤ.አ.፣ ልክ ጋንዲ በተሸኙ በ33ኛ ዓመት ሲሆን፣ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ተሳትፎበታል። የቀኑ መገጣጠም ብዙዎችን ያሳስታል። ቪዲዮውን ለትምህርት ወይም ለዘገባ የተጠቀመ ሰው «ከፊልም የተወሰደ» የሚል መግለጫ ይጨምርበት፤ በጥያቄና መልስ ውድድር «11» ተብሎ የተያዘ መልስም ወደ 8 ይስተካከል።