የወንድሜ ፍቺ፣ የኔ ግማሽ ቤት

ደብረ ብርሃን ያለው ቤት የተሠራው በኔ ላብ ነው። ጀርመን አገር፣ መጦሪያ ቤት ውስጥ፣ ሽማግሌ ሳነሳና ሳስተኛ ባገኘሁት ገንዘብ። አሁን ወንድሜ ሊፋታ ስለሆነ ቤቱ ለሁለት ሊካፈል ነው። ከሁለቱ አንዷ እኔ አይደለሁም።

ሕጉን አነበብኩት። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ፣ የአማራ ክልል የራሱን በ1995 ዓ.ም. አወጣ። በትዳር ዘመን የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚል ያስረዳ። በስጦታ የተገኘ ግን የግል ነው። ታዲያ ስጦታ መሆኑን በምን እናስረዳ? ብሩ በባንክ አልሄደም። «እትዬ፣ የባንኩ ምንዛሪ አያዋጣም፣ በሰውዬው በኩል ላኪው» ያለኝ ራሱ ወንድሜ ነው። ሰውዬው ደግሞ ደረሰኝ አይሰጥም። «ደርሷል» ብሎ በቴሌግራም ይጽፋል፣ አለቀ።

አብራኝ የምትሠራ ጀርመናዊት በቅርቡ ተፋታች። እዚህ መጀመሪያ አንድ ዓመት ተለያይቶ መኖር አለ። «ታረቁ» የሚል ሽማግሌ ደጅ አይጠናም፣ የሚያስታርቀው ካላንደሩ ነው። ከዚያ ሁለቱም ሲጋቡ የነበራቸውንና የፍቺው ክስ ሲጀመር ያላቸውን በወረቀት ያቀርባሉ። በትዳሩ ዘመን የበለጠ ያፈራው የልዩነቱን ግማሽ ለሌላው ይከፍላል። እኔን ያስገረመኝ ግን ጡረታው ነው። በትዳር ዓመታት ሁለቱም ያጠራቀሙት የጡረታ ነጥብ (እዚህ የጡረታ አበል የሚሰላው በነጥብ ነው) ተቆጥሮ እኩል ይካፈላል። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ እንዲህ ነው። ልጅ ለማሳደግ ብላ ሥራ የቀነሰች ሴት፣ ባሏ ቢሮ ውሎ ካጠራቀመው ላይ ድርሻ አላት። ቡና እየጠጣን «ነጥብ ተጨመረልኝ» ስትለኝ ሎተሪ የወጣላት ነው የመሰለኝ።

በዚህ በኩል የኛ ገጠር ከተማውን ያስንቃል። የአክስቴ ልጅ ጅሩ ውስጥ ስትፋታ በመሬቱ ክርክር አልተነሳም። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ተለጥፏል። ጭቅጭቁ በሰንጋዎቹ ላይ ነበር። ለድለባ የታሰሩ ሁለት በሬዎች፣ ቆጠራው ሲቃረብ ድንገት አጎቱ ግቢ ተገኙ። «የአጎቴ ናቸው፣ እኔ በአደራ ነው የማበላቸው» አለ ባል ሆዬ። አንድ ሽማግሌ «እስቲ አንቺ ጥሪያቸው» አሏት። ከደጅ ቆማ «ቦራ!» ስትል በሬው ጆሮውን አቁሞ መጣላት። ሽማግሎቹ ሳቁ፣ ነገሩም በዚያው አበቃ።

ጀርመኖች ትዳር ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ስላለ ሂሳቡ ይቀላቸዋል። እኛ ዘንድ እህት አለች፣ አጎት አለ፣ ዕቁብ አለ። ሕጉ ግን የሚያውቀው ባልና ሚስትን ነው።

ሚስቱ ላይ አልፈርድም (እናቴ ይህን ብትሰማ ትቆጣኛለች)። ቤቱ ሲሠራ ለግንበኞቹ እንጀራ የጋገረች፣ ውሃ በጀሪካን ያመላለሰች እሷ ናት። ግማሹ ይገባኛል ብትል አይበዛባትም። የሚያንገበግበኝ ወንድሜ ነው። ዛሬ ሽማግሌ ፊት «ቤቱ የእህቴ ነው» ይላል። እስከዛሬ ግን ሰፈሩን ሁሉ «ቤት ሠራሁ» እያለ ሲያዳርስ የኖረ እሱ ነው። የቤት ምርቃቱን ቪዲዮ ልኮልኝ ነበር። በጉ ይታረዳል፣ እሱ ብርጭቆ አንስቶ «እግዚአብሔር በላቤ ሰጠኝ» ይላል። የኔ ስም አንዴም አልተነሳም። ያኔም ከንክኖኝ ነበር፣ ዝም አልኩ። አሁን የሚስቱ ጠበቃ ያንኑ ቪዲዮ ማስረጃ አድርጎ አቅርቦታል። አበጀ!

ባለፈው እሁድ ደወለ። ጠበቃ መያዝ አለብኝ፣ ገንዘብ ላኪልኝ አለ። በምን በኩል ልላክ ስለው፣ «በዚያው በሰውዬው በኩል ነዋ፣ እትዬ» አይለኝም!