ከፈረስ ጉልበት በፊት አቧራ የመያዝ ብቃት ይታይ
ስለ ሞተር አየር ማጣሪያ የወጣ አንድ ጽሑፍ የፈጣን ሞተር ሳይክል ባለቤቶች አየር በብዛት የሚያሳልፍ ማጣሪያ እንዲመርጡ ሲመክር አንድ ትልቅ ጉዳይ አስቀርቷል፤ እርሱም ማጣሪያው አቧራን የመያዝ ብቃቱ ነው። ለውድድር ተብለው የሚሸጡ ማጣሪያዎች አየርን በቀላሉ የሚያሳልፉት ብዙውን ጊዜ ደቃቅ ብናኝን የመያዝ አቅማቸው ቀንሶ ስለሆነ፣ ሞተሩን በየጊዜው ፈትቶ ለሚፈትሽ የውድድር ቡድን ቢስማሙም፣ በየቀኑ በሚነዳ ሞተር ላይ ግን ሾልኮ የገባው ብናኝ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን ቀለበቶች ቀስ በቀስ ይሞርዳል። ስለዚህ ገዢው የሞተር አየር ማጣሪያዎች በሚፈተሹበት ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በአይኤስኦ 5011፣ የተለካውን የማጣራት ብቃት አምራቹን ይጠይቅ፤ ይህን ለማሳየት የማይፈቅድ አምራች፣ በእኔ እምነት፣ ገንዘባችን አይገባውም።

በዘይት የሚርሰው የጥጥ ማጣሪያ እየታጠበ ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ ሆኖም ዘይቱ ሲያንስ አቧራ ያሳልፋል፣ ሲበዛ አየር ያፍናል። ጠርዙ ከማቀፊያ ሳጥኑ ጋር በትክክል ካልገጠመ ደግሞ የትኛውም ዓይነት ቢሆን ጥቅም የለውም።

ከማጣሪያው የሚገኘው የኃይል ጭማሪ ሌላ ነገር ባልተቀየረበት ሞተር ላይ በአብዛኛው ጥቂት ነው። ጭስ ማውጫውም አብሮ ከተቀየረ ግን የአየርና የቤንዚን ምጣኔ ሊዛባ ስለሚችል፣ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየለካ ምጣኔውን ለማረም የሚያግዘው የኦክስጅን ሴንሰርም የሚያርመው በተወሰነ ክልል ውስጥ ብቻ በመሆኑ፣ የነዳጅ መጠኑ በሞተሩ ኮምፒዩተር ላይ እንደገና መስተካከል ይኖርበታል።