አንተ የሚለኝ ሰው

61 ዓመቴ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። ሊፍት የለም። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው።

ሰሞኑን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በዚህ ዓለም ላይ አንተ ብሎ የሚጠራኝ ስንት ሰው ቀረ? ባለሱቁ "ጋሼ" ይለኛል። የታክሲው ረዳት "አባባ፣ ጠጋ ይበሉ" ይለኛል። ባንክ ያለችው ልጅ ደግሞ "አባቴ" ትለኛለች፣ አባቷን እንደዚህ ወረፋ ታስጠብቀው እንደሆነ እንጃ። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤት ጋቢ አልብሰው፣ ኬክ አስቆርሰው "መቼም አንረሳዎትም" አሉኝ። ረሱኝ።

በመጨረሻ ሦስት አገኘሁ። አንዱ ዋሽንግተን ነው፤ እኔ ልተኛ ስል እሱ ገና ምሳ ሊበላ ነው፣ ሳዛጋ ሲሰማኝ ደግሞ ያኮርፋል። ሁለተኛው ሐዋሳ ልጁ ጋ ገብቷል። ሦስተኛው ወንድሜ ነው፤ የሚደውለው ሊቆጣኝ ብቻ ነው።

ልጅ እያለን ጓደኛ ለመያዝ የሚያስፈልገው አንድ የጨርቅ ኳስ ነበር። ትጫወታለህ፣ ትሰዳደባለህ፣ አለቀ፣ ወንድማማች ሆናችሁ። አሁን ፊት ለፊቴ ከሚኖሩት ሰውዬ ጋር ደረጃ ላይ ስንገናኝ "እንደምን ዋሉ"፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤተሰብ ደህና?"፣ "ደህና" እንባባላለን። ሁለታችንም ቤት ከራሳችን በቀር ቤተሰብ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። "ይግቡ እንጂ፣ ቡና ይጠጡ"፣ "አይ፣ ሌላ ጊዜ"። ይኸው ሌላ ጊዜ ሦስት ዓመቱ። ደግሞም ቢገቡ ጉድ ነበር፤ እኔ ቤት ቡና በረካ ደርሶ አያውቅም፣ አቦሉ ራሱ ቶና ነው የሚመስለው።

እድርማ አለኝ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። የሞትኩ ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይመጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ሊቀመንበሩን አንድ ቀን "ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱን በቅድሚያ ቅዳሜ ከሰዓት ለዳማ መላክ አይቻልም?" ብዬ ብጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና "ደንቡ አይፈቅድም" አሉኝ።

ልጄ በስልክ "ስፖርት ይጀምሩ፣ ሰው ይተዋወቃሉ" ብላ መከረችኝ። ጠዋት ሜዳ ላይ ከሚሠሩት ወጣቶች ጋር ተሰለፍኩ። አሠልጣኙ ሮጦ መጥቶ ወንበር አቀረበልኝ።

እንግዲህ ወደ ሊፍቱ ልመለስ። የኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውም ሌሊት ነው፣ ሌሊትም ቢሆን አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ባለ 20 ሊትር ጄሪካኔን ከታች ሞልቼ ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ የፊት ለፊቴን ሰውዬ የራሳቸውን አስቀምጠው እያለከለኩ አገኘኋቸው።

"ይለፉ" አሉኝ።

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።"

"በፍጹም፣ በእግዚአብሔር!"

በቢጃማ፣ በጨለማ፣ ማን ይቅደም ስንባባል የኔ ጄሪካን ከእጄ አመለጠ።

"አንተ! እግርህን አንሳ!" ብለው ጮኹ።

አነሳሁ። ክዳኑ ተፈናጥሮ ውሃው ሁለታችንንም እስከ ጉልበት አጠበንና እየተንዶቆዶቀ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ዝም አልን።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉ ቀስ ብለው፣ "በድንጋጤ አንተ አልኩዎት።"

"እስቲ ይድገሙት" አልኩ።

መጀመሪያ ያበድኩ መስሏቸው ነበር። ከዚያ እዚያው እርጥብ ደረጃ ላይ ተቀመጥንና እስኪነጋ አወራን፤ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ድሮ ኳስ (ግብ ጠባቂ ነበርኩ ይላል፣ በዚያ ቁመቱ!)።

ትናንት ሌሊት በሬ ሊገነጠል ደረሰ።

"ተነስ እንጂ! ውሃ መጥቷል! ደግሞ ዛሬ ክዳኑን አጥብቅ፣ አንተ ዝርክርክ!"