ክብር ለሰዓት ነቢያት

የዘመናችን ነቢያት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ይገኛሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሕዝቡ ሽቅብ ቁልቁል እያለ ላብ በላብ ሲሆን፣ እነሱ ስልካቸውን አቁመው ቪዲዮ እየቀረጹ የስማርት ሰዓት ካርቶን ይከፍታሉ። ላስቲኩን ይልጣሉ። ክንዳቸው ላይ ያስራሉ። አምስት ደረጃ ይወጣሉ። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፦ «ቤተሰብ፣ ይሄ ዕቃ ለልጅ ልጅ ነው!» በዚያው ትንፋሽ የሱቁን ስልክ ይነግሩናል። ሱቁ በነፃ ሰጥቷቸው እንደሆነ መጠየቅ ነውር ነው።

እንዴት ያለ ጸጋ ነው! ሌላው ሰው ዕቃ መጠንከሩን ለማወቅ ዓመት ይፈጅበታል። ፈዛዛ ስለሆነ።

ባትሪውን እንይ። የሊቲየም ባትሪ በተሞላና ባለቀ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። ከ300 እስከ 500 ዙር በኋላ የአቅሙን አንድ አምስተኛ ቢያጣ አይገርምም። ነቢያችን ግን «ሳምንት ይቆያል» ሲሉ ገና ሰዓቱ አንዴም ቻርጅ አልተደረገም። ሳምንቱን ከየት አመጡት? ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ማንበብም እኮ ሙያ ነው።

ውሃውስ? ብርጭቆ ውስጥ ነክረው ያወጡና «ዋና ይችላል!» ይላሉ። አምራቾቹ ራሳቸው ውሃ መከላከሉ ከጊዜ ጋር እንደሚቀንስ፣ እንፋሎትና ሳሙናም እንደሚጎዳው በደቃቃ ፊደል ጽፈዋል። ስቲም ገብቶ መስታወቱ ጉም የቋጠረበት ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ይታጠብ ነበር።

ፈረንጆቹን ደግሞ እዩልኝ። ፊትቢት አዮኒክ የተባለው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። በ2022 ባትሪው ከልክ በላይ ስለሚግል ገዢዎቹ ሰዓቱን መልሱ ተባሉ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 78 የመቃጠል አደጋ ሪፖርት ተደርጎ ነበር። ይህን ለማወቅ አምስት ዓመት! የኛዎቹ በአምስት ደቂቃ አጽድቀውት ወደ ጆሮ ማዳመጫ ባለፉ ነበር።

ከሁሉ የማደንቀው ግን መሰወራቸውን ነው። ማሰሪያው ሲበጠስ፣ አፑ ከአዲሱ ስልክ ጋር አልስማማ ሲል፣ የልብ ምት ቆጣሪው ጠረጴዛውንም ሕይወት አለው ሲል አንዳቸውም የሉም። ፒያሳ ማኪያቶ ሲጠጡ ይዛችሁ «ያ ሰዓት እንዴት ሆነልህ?» ብትሉ፣ «የቱ?» ይሏችኋል። አይፈረድባቸውም። ሰዓቱ በሳምንቱ ተሸጧል። ማስታወቂያው «ያልተነካ፣ ለቪዲዮ ብቻ የተደረገ» ይላል። ይሄኛው ምስክርነት እንኳ እውነት ነው።